ስለ መሳያ ድንጋይ ለጠየቀኝ ልጅና ለእኩዮቹ

በቀደም አንድ ልጅ ስልኩ ላይ ስድስት ድንጋይ የተደረደረበት ሣጥን እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ ለአደን ቢላዋ የቱን ልግዛ?» አለኝ። «አንዱ ይበቃሃል» ብዬ ሸኘሁት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዓይኔ ላይ የሚመላለሰው የአንድ ሽማግሌ አውራ ጣት ነበር።

በጎረምሳነቴ ባሌ ውስጥ በአንድ የአደን ካምፕ ቆዳ ገፋፊ ነበርኩ። አለቃዬ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ቢላዋቸው ባለእጅ ከመኪና ባሌስትራ የቀጠቀጠው፣ መሳያቸው ደግሞ ከወንዝ ዳር ያነሱት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። እኔ በዚያ ድንጋይ አፍር ነበር፤ ኋላ ቀርነት መስሎኝ።

አንድ ጊዜ ቢላዎቹን ስዬ እንድጠብቃቸው አዘዙኝ። ግማሽ ቀን ከድንጋይ ጋር ከምታገል ብዬ ከተማ ወርጄ ጋራዥ ውስጥ ግራይንደር ላይ ጨረስኩት። የብልጭታው ማማር! ጠርዙ ሰማያዊ ሲሆን ጭራሽ አማረበት አልኩ። ያ ቀለም ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ግሎ ጥንካሬውን መልቀቁን እንደሚናገር ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

በማግስቱ ለአደን የመጣው እንግዳ በአደን ፈቃዱ መሠረት አንድ ትልቅ ወንድ የደጋ አጋዘን ጣለ። ከአገራችን ውጭ የትም የሌለ እንስሳ ነው፤ ቆዳውን የሚያበላሽ ገፋፊ ይቅርታ የለውም። ጭቃ የያዘ ፀጉር ስለት ስለሚበላ ሽማግሌው ሁልጊዜ «ከውስጥ ወደ ውጭ ቅደድ» ይሉኝ ነበር። እኔ ቸኩዬ ከፀጉሩ ጀመርኩ። አንገቱ ጋ ስደርስ ቢላዋው ዶለዶመ። ለመናገር አፍሬ በጉልበት ገፋሁት። ቆዳውን ወጥረው የያዙልኝ እሳቸው ነበሩ። ቢላዋው ሳተና አውራ ጣታቸውን እስከ አጥንቱ ከፈተው።

የካምፑ ኃላፊ ሲጠይቃቸው «ራሴ ነኝ፣ አዳልጦኝ» አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። ጣቱ ዳግመኛ አልታጠፈም። ከዚያ ወዲያ ቢላዋቸውን በዚያው በወንዝ ድንጋይ የምስልላቸው እኔ ሆንኩ። ነገሩን አንድም ቀን አላነሱብኝም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ። ባለ ሁለት ገጽ ግዛ፤ አንዱ ወገን 400፣ ሌላው 1000 ይሁን። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፍ ሲል ድንጋዩ እየላመ ይሄዳል። 6000ውን ለምላጭ ተውለት፤ ቆዳ ትንሽ የሚነክስ ስለት ይወዳል። ቢላዋውን 20 ዲግሪ ያህል አዘንብለህ፣ በወዲያኛው ወገን ጥፍር የሚይዝ ስስ ትርፍ ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ እስኪወጣ ሳል፤ ከዚያ ገልብጥ። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ከያዝክ ደጋ ላይ ሌሊቱን ባልዲ ውስጥ አትተወው። በታኅሣሥ ብርድ ውሃው በረዶ ሲሆን የእኔን ለሁለት ሰንጥቆታል።

የዛሬ ልጆች ቪዲዮ ላይ ወረቀት የሚሰነጥቅ ቢላዋ አይታችሁ ትደነቃላችሁ። ወረቀት ምን ጭቃ አለው?

ውድ ነገር አትግዙ እያልኩ ራሴ አምና የአልማዝ መሳያ ገዛሁ። ውሃ አይለምን፣ ብርድ አይፈራ፣ መሐሉ አይጎደጉድ። ወደድኩት፤ ምን ላድርግ።

የወንዙ ድንጋይ አሁን የሽማግሌው ልጅ ቤት ነው። የጣቱን ነገር ልነግረው ሦስት ጊዜ እስከ ደጁ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ቡና ጠጥቼ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስኩ።