የሌበር ኢኮኖሚስት ሥራ በምን ይለካል? ጥያቄና መልስ

ስለ ደሞዝ፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ስደተኛ ሠራተኞች የሚያጠኑ ሰዎች ምርምራቸው ምን ያህል ለውጥ እንዳመጣ በምን ይታወቃል የሚል ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኤች ኢንዴክስ ምንድነው ግን?

መልስ፦ ፊዚሲስቱ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያመጣው ቁጥር ነው። 20 ነው ከተባለ ሰውየው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ፔፐሮች አሉት ማለት ነው። ችግሩ ቁጥሩ ከእድሜ ጋር ይወጣል እንጂ አይወርድም፣ ደሞ ሦስት ፔፐር ብቻ ጽፎ ዘርፉን የገለበጠ ሰው ከ3 አያልፍም። ስለዚ አንጋፋ ፕሮፌሰርን ገና ዶክትሬቱን ከጨረሰ ልጅ ጋር በዚ ማወዳደር ግፍ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጉግል ስኮላር ላይ ያለው ሳይቴሽን (ሌሎች ሥራዬን የጠቀሱበት ብዛት) ከሪፔክ በጣም ይበልጣል፣ የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም እይ፣ የሚቆጥሩት የተለያየ ነው። የጉግል የምርምር ጽሑፍ መፈለጊያ የሆነው ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍም ሪፖርትም ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል፣ ሪፔክ የሚባለው የጽሑፍ መዝገብ ግን የኢኮኖሚክስን ብቻ ነው። በኛ ዘርፍ ደሞ ፔፐር ጆርናል ላይ ሳይወጣ በፊት እንደ ኤንቢኢአርና አይዜድኤ ባሉ የኢኮኖሚክስ ምርምር ተቋማት በኩል ወርኪንግ ፔፐር (ገና ጆርናል ያልተቀበለው ረቂቅ) ሆኖ ስንት ዓመት ይነበባል፣ ስለዚ የአንዱ ሥራ ሳይቴሽን ሁለት ሦስት ቦታ ተበትኖ ይገኛልና ሳትሰበስበው አትደምድም።

ጥያቄ፦ ብዙ ከተጠቀሰ ጥሩ ሥራ ነው ማለት አይደል?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፣ እዚች ላይ ትንሽ ልቆይ። ኒው ጀርሲ በኤፕሪል 1992 ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ ባለችበት ቀረች። ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና አላን ክሩገር በሁለቱም በኩል ያሉ 410 ፋስት ፉድ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጠይቀው፣ ጭማሪው ሥራ አላስቀነሰም ብለው በ1994 አሳተሙ። ኒውማርክና ዋሸር የሚባሉ ሌሎች ኢኮኖሚስቶች በ2000 የደሞዝ መዝገብ ይዘው መጥተው ተቃወሟቸው፣ ካርድና ክሩገርም በዚያው ዓመት መለሱላቸው። እንግዲህ የሳይቴሽን ቆጣሪው የደጋፊውንም የተቃዋሚውንም ጥቅስ እኩል አንድ አንድ ብሎ ነው የሚደምረው! ትልቁ ውጤት ግን ሌላ ቦታ ነው፣ ድንበር ለድንበር ያሉትን የማነጻጸር አካሄድ ሌሎች ወስደው ገፉበት፣ በ2010 ኢኮኖሚስቱ አሪንድራጂት ዱቤና ባልደረቦቹ በመላው አሜሪካ በስቴት ድንበር ላይ ጎን ለጎን ያሉ ካውንቲዎችን (የስቴት ንዑስ አስተዳደሮችን) አነጻጸሩበት። ካርድ በ2021 ኖቤል ሲያገኝ ክሩገር በ2019 አርፎ ነበር፣ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ብዙውን ሥራዬን ከሌሎች ጋር ነው የጻፍኩት፣ ይጎዳኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጉዳት አልነበረበትም ግን ይጎዳል። በኢኮኖሚክስ ፔፐር ላይ የጸሐፊዎቹ ስም በፊደል ተራ ስለሚደረደር ማን ምን እንደሠራ አይታይም። ሄዘር ሳርሰንስና ባልደረቦቿ በ2021 ባሳተሙት ጥናት ሴቶች ከወንዶች ጋር ለጻፉት ሥራ በዩኒቨርሲቲ ቋሚ የሥራ ቦታ ይሰጣቸው አይሰጣቸው ተብሎ ሲታይ የሚሰጣቸው ዋጋ ከወንዶቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይሄ መለኪያ ሳይሆን በደል ነው። ዳታውን ማን ሰበሰበ፣ ሐሳቡ የማን ነው የሚለውን በአጭሩ ጽፈሽ ከፋይልሽ ጋር አያይዢው።

ጥያቄ፦ አምስቱ ትልልቅ የኢኮኖሚክስ ጆርናሎች ላይ ካልወጣ ዋጋ የለውም ይባላል?

መልስ፦ ይባላል፣ እኔ አልቀበለውም። ካርድ በ1980 ከኩባ ወደ ማያሚ ስለገቡት ስደተኞች የጻፈው የ1990 ፔፐር የወጣው ከአምስቱ ውጪ ነው፣ ዛሬም ይከራከሩበታል።

ጥያቄ፦ ፖሊሲ ላይ ያመጣውስ ለውጥ?

መልስ፦ ከባዱ እሱ ነው። እንግሊዞች በ2014 የዩኒቨርሲቲ ምዘናቸው ላይ ከውጤቱ 20 በመቶውን ከዩኒቨርሲቲ ውጪ ለመጣ ለውጥ ሰጡት፣ በ2021 ወደ 25 አሳደጉት። ማስረጃው ታሪክ ነው፣ የትኛው ኮሚሽን የትኛውን ግኝት ይዞ ምን ወሰነ የሚል።

ጥያቄ፦ ለፕሮሞሽን ፋይል ሳዘጋጅ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ አንተን የጠቀሱህን ፔፐሮች ክፈትና አንብባቸው። መግቢያ ላይ ስምህን ጠርቶ ያለፈውን ለብቻ፣ ዳታህን ወይ ዘዴህን ወስዶ የሠራበትን ለብቻ፣ ውጤትህን የተከራከረውን ለብቻ አድርግ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ክምር ውስጥ ያሉትን ነው በስም የምትዘረዝረው። አንድ የማይቆጠር ነገርም አለ፣ ደሞዝን በትምህርትና በሥራ ልምድ የሚያሰላውን የጄኮብ ሚንሰርን ቀመር ዛሬ ብዙ ሰው ምንጩን ሳይጠቅስ ነው የሚጠቀመው፣ ስለዚ ዘዴህ ስምህ ሳይጠራ ሲሠራበት ካየህ እሱንም ጻፈው።