ልጄን ወደ ትወናው እንዴት ልመልሰው?

የዛሬው ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ነው። የላኩልኝ እናት ናቸው። ልጃቸው በ7 ዓመቱ በአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ መተወን ጀመረ። ሰው ወደደው። እስካሁን ታክሲ ውስጥ የሚጠሩት በዚያ ገጸ ባሕርይ ስም ነው። እናትየው የቢሮ ሥራቸውን ትተው ከቀረጻ ቀረጻ ይዘውት ዞሩ። ባለቤታቸው ስላረፉ የልጁ ክፍያ የቤት ኪራይና የእህቱ የትምህርት ቤት ወጪ ሆነ። አሁን 27 ዓመቱ ነው። ትወናውን ትቶ በአነስተኛ ክፍያ ረዳት ዳይሬክተር ሆኗል፤ ዳይሬክተር መሆን ነው የሚፈልገው። በቅርቡ አንድ ፕሮዲውሰር ለመሪ ተዋናይነት ፈልጎት እናትየው ጋ ደወለ። እሳቸውም «እሺ፣ ይሠራል» አሉ። ልጁ ሲሰማ «ያኔም የጠየቀኝ የለም፣ ዛሬም የጠየቀኝ የለም» ብሎ ጓደኛው ቤት ገባ። እሑድ እሑድ ይመጣል፣ ይበላል፣ ሳያወራ ይሄዳል። «እግዚአብሔር የሰጠውን ፊት ካሜራ ኋላ ደበቀው። ሻይ አመላላሽ አደረጉት። እንዴት ልመልሰው?» ይላሉ።

እህቴ፣ ብቻዎን ሁለት ልጆች አሳድገዋል። ቀረጻ እስኪጀመር ውጭ ብርድ ላይ ቁጭ ብለው የቤት ሥራውን ያሠሩት እንደነበር ጽፈውልኛል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሊከብድዎት ይችላል፤ የሚወቅስዎት ሰው የጻፈው አድርገው ግን አይውሰዱት።

ልጅዎን ያስቆጣው የቀረበለት ሥራ አይመስለኝም። ያስቆጣው እርስዎ ያሉት «እሺ» ነው። የ27 ዓመት ሰው የራሱ ስልክ አለው። ፕሮዲውሰሩ እሱን ትቶ እናቱ ጋ መደወሉ፣ በእነሱ ዓይን ልጅዎ አሁንም ያ ትንሹ ልጅ መሆኑን ያሳያል። እርስዎም ሳያስቡት እንደ ድሮው መለሱ። እሱ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ።

በልጅነቱ የተወነ ሰው የሚገጥመውን ነገር ሌላው ሰው በቀላሉ አይረዳውም። ሌሎች ልጆች ዛሬ ኳስ ይላሉ፣ ነገ ሥዕል ይላሉ፣ ከነገ ወዲያ ሁለቱንም ይተዋሉ። ማንም አያያቸውም። የእርስዎ ልጅ ግን የተጨበጨበለት ትልልቅ ሰዎች ያሉትን ሲያደርግ ነው። አልቅስ ሲሉት አለቀሰ፣ ሳቅ ሲሉት ሳቀ። ስሜቱ ራሱ በትእዛዝ የሚወጣ ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጄምስ ማርሺያ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ጥናት፣ ሞክሮና አመዛዝኖ መንገዱን የመረጠን ወጣት ቤተሰቡ የሰጠውን ሳይመረምር ከተቀበለው ወጣት ለይቶ ያሳያል። ሁለተኛው ለጊዜው የተረጋጋ ይመስላል። ጥያቄው የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ ሲመጣም ሌሎች በ15 ዓመታቸው ያሉት «አልፈልግም» በ27 ዓመት ይወጣል። ጮክ ብሎም ይወጣል።

አሁን ስለ ሥራው ላውራዎት፤ እዚህ ላይ በጣም የተሳሳቱ ይመስለኛል። ረዳት ዳይሬክተር ሻይ አመላላሽ አይደለም። ስክሪፕቱን ትዕይንት በትዕይንት በትኖ፣ የትኛው በየትኛው ሎኬሽን በየትኛው ቀን እንደሚቀረጽ የሚያቅድ ሰው ነው። ማን በስንት ሰዓት ይምጣ፣ ተዋናይዋ ትናንት የለበሰችው ሻርፕ ዛሬም አለ ወይ፣ ፀሐይዋ ሳትሄድ ስንት ትዕይንት ይደርሳል፤ ይህ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ልጅዎ ደግሞ ይህን አካባቢ ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ተዋናይ ካሜራ ሲበራ ምን እንደሚሰማው፣ ዳይሬክተር ሲጮህበት ድምፁ እንዴት እንደሚታፈን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ያሳለፋቸውን ዓመታት አልጣላቸውም። እየተጠቀመባቸው ነው።

በዚህ መንገድ ከእሱ በፊት የሄዱ አሉ። አሜሪካዊው ሮን ሃዋርድ በ6 ዓመቱ አካባቢ በቴሌቪዥን ታዋቂ ሆነ። በወጣትነቱም በሌላ ተወዳጅ ተከታታይ ኮሜዲ ላይ ተወነ። ልቡ ግን ዳይሬክቲንግ ላይ ነበር። ያደረገው ነገር ይገርመኛል፤ ሮጀር ኮርማን ከሚባለው ፕሮዲውሰር ጋር ተደራድሮ፣ በአንድ ፊልሙ ላይ ከተወነለት በኋላ ሌላ ፊልም ዳይሬክት እንዲያደርግ ዕድል አገኘ። ያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1977 ወጣ። ስክሪፕቱን የጻፈው ከአባቱ ጋር ነው። አባትየው ራሱ ተዋናይ ነበር፤ ልጁ ትወናን ሊተው ሲያስብ ግን አጠገቡ ቁጭ ብሎ አብሮት ጻፈ። ይህችን ነገር እባክዎ ልብ ይበሉልኝ።

ከዚያ ሃዋርድ ለቴሌቪዥን ፊልሞች መሥራት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1980 በሠራው አንዱ ላይ ትልቋ ተዋናይት ቤቲ ዴቪስ ነበረች። እሱ 26፣ እሷ 72 ዓመቷ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የኮሜዲው ልጅ ሊያዛት መሆኑ አልተዋጠላትም። «ሮን በይኝ» ሲላት፣ እንደምትወደው እስክትወስን ድረስ «ሚስተር ሃዋርድ» እንደምትለው ነገረችው። የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ሲያልቅ «ነገ እንገናኝ፣ ሮን» አለችው። ታሪኩን ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል። የእርስዎም ልጅ ድሮ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ያጫወተችውን አንጋፋ ተዋናይት «እንደገና እንሥራው» ማለት አለበት። በዚያ ሰዓት ትንሿን ቅጽል ስሙን ትጠራው ይሆናል። ይህን ድካም ከሥራ ይዞት ሲመጣ እቤት ደግሞ «ፊትህን ደበቅክ» የሚል ድምፅ ቢጠብቀው እንዴት ያወራል?

ጄሰን ቤትማንንም ላንሳ። እሱም የልጅ ተዋናይ ነበር። ራሱ የሚተውንበትን ተከታታይ ድራማ አንዳንድ ክፍሎች ዳይሬክት ያደረገው ገና በ18 ዓመቱ ነው። በዳይሬክቲንግ የኤሚ ሽልማት የወሰደው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ያኔ 50 ዓመቱ ነበር። መሐል ላይ ሥራ የጠፋባቸው ረጅም ዓመታት ነበሩ። ስለዚህ በሁለት ዓመት ውስጥ ስሙ በትልቁ እንዲጻፍ አይጠብቁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ገንዘቡ።

ጃኪ ኩጋን የሚባል ልጅ እ.ኤ.አ. በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር ተውኖ ዓለም አወቀው። ሲያድግ ያመጣው ገንዘብ አብዛኛው አልቆ ጠበቀው። በ1938 እናቱንና የእንጀራ አባቱን ከሰሰ። በዓመቱ ካሊፎርኒያ የልጅ ተዋንያንን ገቢ የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ ዛሬ በዚያ ሕግ መሠረት ከልጁ ክፍያ 15 በመቶው እስኪያድግ በማይነካ ሒሳብ ይቀመጣል። የእናንተ ቤት ከዚያ ይለያል። የእርስዎ ልጅ ገንዘብ እንጀራና ኪራይ ነው የሆነው። ሆኖም ልጅ ሆኖ ቤት ያስተዳደረ ሰው ውስጡ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ «ገንዘብ ባላመጣ ኖሮም እንዲህ ይወዱኝ ነበር?» እርስዎ ትወናውን በለመኑት ቁጥር ይህ ጥያቄ መልስ ያገኘ ይመስለዋል፤ መልሱም የሚያስፈራው ዓይነት ነው።

ስለዚህ እሱ ሳይጠይቅ እርስዎ ይጀምሩት። እሑድ እስኪመጣ ይጠብቁ፣ እህቱ በሌለችበት፣ ቡናው ላይ። እንዲህ ማለት ይችላሉ፦ «ልጄ፣ ያኔ ሳልጠይቅህ ነው ያስገባሁህ። ቤታችንን ያቆመው ያንተ ድካም ነው። አመስግኜህ አላውቅም፤ አሁን አመሰግንሃለሁ። ከእንግዲህ በአንተ ቦታ ሆኜ እሺ አልልም።» ከዚህ በኋላ «ግን» አይበሉ። «ምን ላድርግ፣ አጥቼ ነው» የሚለውም ይቆይ። እውነት ነው፣ ግን በዚያች ሰዓት ከተነገረ ልጅዎ የራሱን ስሜት ትቶ እርስዎን ማጽናናት ይጀምራል። ይህን ሥራ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሠራው ኖሯል። ዝም ካለ ዝም ይበል። ሊቆጣም ይችላል፤ ይስሙት።

የዛሬውም ገንዘብ ካስጨነቀዎት በግልጽ ይናገሩት። ገቢው ስለቀነሰ ለቤት የሚሰጠው አንሶ ከሆነ፣ በወር ስንት እንደሚያስፈልግ ጽፈው ሁለቱም ልጆችዎ ባሉበት ተነጋገሩበት። እህቱም ተመርቃ ሥራ ይዛለች ብለውኛል። የገንዘብ ሐሳብን በ«ችሎታህ ባከነ» መሸፈን ግን ሁለታችሁንም ይጎዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ እርስዎ። ደብዳቤዎ ውስጥ «እኔም ቀረጻው ይናፍቀኛል» የምትል አጭር ዓረፍተ ነገር አለች። ልቤን የነካችው እሷ ናት። እርስዎም ሥራ ነበረዎት። ስክሪፕት አስጠኚ፣ ልብስ አዘጋጅ፣ ክፍያ ተደራዳሪ ነበሩ። ሰው «የእሱ እናት» ብሎ ወንበር ይሰጥዎ ነበር። ልጅዎ ሲተው የእርስዎም ሥራ ቆመ፣ ማንም ግን አይዞዎት አላለዎትም። ይህ ሐዘን ነው፤ ለሚያምኗት ጓደኛ ይንገሯት፣ ያልቅሱበትም። ለልጅዎ ግን አያሸክሙት። በየሎኬሽኑ የሚንከራተቱ ሌሎች የልጅ ተዋንያን እናቶች አሉ፤ እርስዎ የሚያውቁትን የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ ብዙ ይጠቅማቸዋል።

ስለ ዝምታው ብዙ አይጨነቁ። ሥራውን በሰዓቱ የሚሄድ፣ እሑድ ሳያስቀር መጥቶ የእናቱን ምግብ የሚበላ ልጅ በሩን አልዘጋም። ሥራውንም መጥላት ከጀመረ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ መጠጥ ካበዛ ወይም መኖር ሰለቸኝ ካለ ግን ሳይዘገዩ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።

ፕሮዲውሰሩ ጋ ዛሬውኑ ይደውሉ። «ልጄን ሳልጠይቅ ነው እሺ ያልኩት፣ ይቅርታ» ይበሉት። የልጅዎን ስልክ ቁጥር ቢጠይቅዎ ወዲያው አይስጡት። መጀመሪያ ለልጅዎ «ቁጥርህን ልስጠው ወይስ ይቅር?» ብለው መልእክት ይላኩለት። ይቅር ካለ ይቅር። ስጭው ካለ ይስጡትና ከዚያ በኋላ ምን ተባለ ብለው አይጠይቁ። እምቢ ሊል ይችላል፣ እሺ ሊል ይችላል፣ «ሁለት ክፍል ዳይሬክት ካደረግኩ እተውናለሁ» ብሎ ሊደራደርም ይችላል።