ሳይረኑ የእውነት መስሎኝ ዞር አልኩ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጀሞ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ የፖሊስ ሳይረን ሲጮህ የእውነት መስሎኝ ወደ መንገዱ ዞር አልኩ። ለካ ዘፈኑ ውስጥ ነው! ትንሽ ቆይቶ በዚያው ድምፅ ሌላ ዘፈን መጣ፤ ከፈረንሳይኛው «ዲማንሽ» እና «ባማኮ» የሚለውን ብቻ ያዝኩ። አስተናጋጁ የኮንጎ ነው አለኝ። የማን ነው? ሬጌ ነው ወይስ ሮክ?
ሰ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የኮንጎ አይደለም፣ የማሊ ነው። ዘፋኞቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ አማዱ እና ማሪያም። አልበሙ «ዲማንሽ አ ባማኮ» ይባላል፣ «እሑድ በባማኮ» (በማሊ ዋና ከተማ) እንደማለት፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

እኔ እሑድ እሑድ ሠርግ ቤት ሞንታርቦ ስተክል ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ሁለተኛውን ዘፈን አዳላለታለሁ። በባማኮ እሑድ የሠርግ ቀን ነው ይልና ማን ማን እንደመጣ ይቆጥራል፦ ወላጆች፣ ጓደኞች፣ ጎረቤቶች፣ የእነሱ አዝማሪዎች፣ ከበሮው። በቃ፣ ሌላ ታሪክ የለውም። አንድ እሑድ ለእልልታ ብዬ ደጅ ላይ የተውኩት ማይክ የአጀቡን መኪኖች ጥሩምባ ለቅሞ አመጣብኝ። ላጠፋው እጄን ሰደድኩ፤ ጥሩምባው ግን ከኪቦርዱ ቃና ጋር ገጥሞ ቁጭ ብሏል። ተውኩት። የዚህ አልበም የመንገድ ጫጫታም እንዲህ ነው፣ ዜማው ላይ ተኝቶበታል።

ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። የተዋወቁት ባማኮ ባለው የዓይነ ስውራን ተቋም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጋቡ። ለእነሱ ከተማ ማለት ፎቅ ሳይሆን የሚሰማው ነገር ይመስለኛል። ሳይረኑን ያስገባው ግን ፕሮዲውሰሩ ማኑ ቻው ሳይሆን አይቀርም፤ ፓሪስ ተወልዶ ያደገ የስፔኖች ልጅ ነው፣ የሬዲዮና የመንገድ ድምፅ ዘፈን ውስጥ መሰንቀር ይወዳል። የሳይረኑ ዘፈን «ላ ሬያሊቴ» ነው፦ አንዱ ሲወለድ ሌላው ይሞታል፣ አንዱ ሲስቅ ሌላው ያለቅሳል፣ እኔ ግን ዛሬ ማታ ከእናንተ ጋር እጨፍራለሁ ይላል።

ሬጌ ነው ሮክ ላልሽው፦ አማዱ በወጣትነቱ «ሌ አምባሳደር» በሚባለው የሞቴል ደ ባማኮ ባንድ ጊታር ይመታ ነበር፤ ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል ይጫወት እንደነበረው። የሆቴል ባንድ ደግሞ እንግዳ የጠየቀውን ሁሉ መጫወት ግዴታው ነው፣ ኩባውንም ፈረንሳዩንም። ጊታሩ ላይ ብሉዝና ሮክ አለ፣ ምቱ አንዳንዴ ሬጌ ይሆናል፣ ዜማው የባምባራ፣ የማሊ ሕዝብ ነው። ስም ካላወጣሁለት ካልሽ አንቺው አውጪለት።

አንድ ቅሬታ አለኝ። «ሴኔጋል ፋስት ፉድ» ላይ የማኑ ቻው እጅ በዝቷል፤ ሰዓቱም አይገጥምም። ቶኪዮ እኩለ ሌሊት ነው፣ ማሊ (በእነሱ አቆጣጠር) አምስት ሰዓት ነው፣ ገነት ስንት ሰዓት ነው? ይላል። ቶኪዮ እኩለ ሌሊት ሲሆን ባማኮ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ በእነሱ 3። ቆጥሬዋለሁ። የገነቱን ለአማዱ ትቼዋለሁ፤ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ አርፏል።

በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሚው፣ ባሱ ይጠፋል። ጆሮሽ ላይ አድርጊና ከ«ታክሲ ባማኮ» ጀምሪ። አስተናጋጁንም የማሊ ነው በይው፤ ዘፈኑን ግን እንዳይቀይረው።