ከመናፈሻው አግዳሚ ወንበር፦ ስለ ወፎቻችን የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ጊዜ ደሴ ከሚገኝ አንድ መናፈሻ ጧት ቁጭ ብዬ ያየኋቸውን ወፎች አውግቻችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅም ጽፋችኋል። ሁሉንም ባልጨርስም የቻልኩትን ልመልስ።

«ጎህ ሲቀድ ከቤታችን በላይ እየጮሁ የሚያልፉ ትልልቅ ጥቋቁር ወፎች አሉ። ልጆቼ ቁራ ነው ይላሉ። እኔ ግን ምንቃራቸው እንደ ማጭድ የቆለመመ ነው ባይ ነኝ። ማን ነው ልክ?» (አንዲት እናት፣ ከቧንቧ ውሃ)

ልክ እርስዎ ነዎት፣ እናቴ። ዓይንዎ ይባረክ። ይቺ ወፍ በእንግሊዝኛ ዋትልድ አይቢስ ትባላለች። ከጉሮሮዋ ስር ቀጭን ቆዳ እንደ ክር ተንጠልጥሎ ይታያል። ስትበር ክንፏ ላይ ነጭ ብልጭ ይላል። የምታድረው ገደል ላይ ነው፤ ደሴ ደግሞ በገደል አትታማም። ጧት ላይ በመንጋ እየተንጫጩ ወደ ሜዳ ይወርዳሉ። ያንን ረጅም ምንቃር መሬት ውስጥ እየሰኩ ትልና እጭ ሲለቅሙ ይውላሉ። መናፈሻው ሳር ላይ ጠዋት ከመጡ አሥር ሜትር ያህል ቀርበው ያዩዋቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምርልዎት። ይቺ ወፍ በዓለም ላይ ያለችው ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ ነው። ሰው እሷን ለማየት ብሎ ውቅያኖስ ያቋርጣል። እርስዎ ቡና ሲያፈሉ በጣሪያዎ ላይ ታልፋለች።

ልጆችዎም ቢሆኑ ቁራውን ከየት አመጡት አይባልም፤ እሱም እዚሁ አለ። የደጋው ቁራ ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው፤ ምንቃሩ ወፍራም ነው፤ ከቁራ ዘሮች ሁሉ በግዙፍነት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። እበት ሲያገኝ በምንቃሩ ግራና ቀኝ እየበተነ ትሉን ይለቅማል። አንድ ቀን ቆመው ይዩት።

«የመስቀል ወፍ የት ከርማ ነው በመስከረም ብቅ የምትለው?» (የ6ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐይቅ)

ጎበዝ! ዓመት ሙሉ ጠፍቶ የመጣን ሰው «የመስቀል ወፍ ሆንክ» የምንለው ለዚህ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በየአገሩ የመስቀል ወፍ የሚባሉት ወፎች ይለያያሉ፤ ብዙዎቹ ግን የትም አልሄዱም። አብረውህ ነው የከረሙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደጋችን ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ላይ ደማቅ ቢጫ ያለበት ትንሽ ወፍ አለ። ጅራቱ ከሰውነቱ የሚረዝም፣ ጥቁርና ነጭ የለበሰ፣ ምንቃሩ ቀይ የሆነ ሌላም አለ። እነዚህ ወንዶቹ ናቸው። እንዲህ የሚያጌጡት በክረምትና በመስከረም፣ ሴት ለመሳብ ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ላባቸውን ይቀይሩና እንደ ሴቶቹ ቡናማ ዥንጉርጉር ይሆናሉ። ያኔ ከተራ ድንቢጥ በቀላሉ አትለያቸውም። ስለዚህ ወፏ አልጠፋችም፤ የጠፋው ልብሷ ነው።

በእርግጥ ከሩቅ የምትመጣም አለች። ክረምቱ ሲወጣ ሆዷ ቢጫ የሆነ፣ ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ወፍ ከከብቶች እግር ስር ስትሮጥ ታያለህ። ቦሩ ሜዳ ላይ ሳያት ሁሌም ይደንቀኛል። የተፈለፈለችው አውሮፓ ወይም እስያ ነው። ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም፤ በረሃና ባሕር አቋርጣ ነው እዚህ የደረሰችው። የበጋውን ወራት ከእኛ ጋር ትቆይና በሚያዝያ ገደማ ትመለሳለች።

«የ11 ዓመት ልጄ ወንጭፍ ሠርቶ መናፈሻ እየሄደ ወፍ ይመታል። ቀጣሁት፤ አልተመለሰም። ምን ላድርግ?» (አባት፣ ከሮቢት)

ወንድሜ፣ ልጅህ መጥፎ ልጅ አይደለም። ወፍ አነጣጥሮ የሚመታ ልጅ ወፏ የት እንደምታርፍ፣ መቼ እንደምትወርድ፣ ምን እንደምትበላ ያውቃል። ይህን እውቀት ብዙ አዋቂ የለውም።

የደረሰብኝን ልንገርህ። መናፈሻው ውስጥ ወንጭፍ የያዙ ሦስት ልጆች አገኘሁ። ልቆጣቸው ነበር፤ ግን ተውኩትና «አረንጓዴዋ በቀቀን የት ነው የምታድረው?» አልኳቸው። ተያዩ። ከዚያ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። አንድ ያረጀ ወይራ ግንድ ላይ ቀዳዳ አሳዩኝ። ቁጭ አልን። ወደ 12 ሰዓት ገደማ መጣች። ሸጋ ናት! ሁለመናዋ አረንጓዴ፣ የክንፏ ውስጥ ጥቁር፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ። እሷም ያለችው ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከመሃላቸው ትንሹ «እኛ ጋ ብቻ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንጭፍ የያዘው አንዱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቁጣውን ተወውና አብረኸው ሂድ። ደብተር ግዛለት። ያያትን ወፍ ይሳል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የዛፉን ስም ይጻፍ። ስንት ዓይነት እንዳየ ይቁጠር። ልጅ ቁጥር ይወዳል፤ ትናንት 9 ያየ ዛሬ 10 ሳያገኝ ቤት አይገባም።

እግረ መንገዴን የከተማችንን መናፈሻ የምታስተዳድሩ ሁሉ ይህን ስሙኝ። ያ ወይራ አርጅቷል፤ ውስጡም ቦርቡሯል። «ደረቀ» ተብሎ ቢቆረጥ ግን በቀቀኖቹ ማደሪያ ያጣሉ። ባህር ዛፍ በፍጥነት ያድጋል፣ ጭልፊትም ጫፉ ላይ ጎጆ ይሠራል። ሾላ፣ ወይራና ጽድ ግን ለወፍ ምግብም ቤትም ናቸው። እባካችሁ አሮጌ ዛፍ አትንኩብን።

«ልጅ ሳለሁ ቄራው አካባቢ ጥንብ አንሳ ሰማዩን ይሸፍን ነበር። አሁን ጥቂት ነው የማየው። ዓይኔ ደክሞ ነው?» (አዛውንት፣ ከሰኞ ገበያ)

አባቴ፣ ዓይንዎ አልደከመም። በእውነት ቀንሷል። ያ ትንሹ፣ ፊቱ መላጣ፣ ምንቃሩ ቀጭን የሆነው ጥንብ አንሳ በፈረንጆቹ 2015 ከምድር ሊጠፉ በእጅጉ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። በአፍሪካ ዋናው ምክንያት መርዝ ነው። ሰው ጅብ ወይም ውሻ ለመግደል ሥጋ ይመርዛል፤ ሥጋውን ግን ጥንብ አንሳውም ይበላዋል። አንድ የተመረዘ በሬ ብዙ ጥንብ አንሳ ይጨርሳል። እሱ ደግሞ በአንድ ወቅት የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ስለዚህ የጎደለው ቶሎ አይተካም።

ይህ ለኔ ከወፍ ጉዳይ በላይ ነው። ጥንብ አንሳ ከሌለ ጥንቡ ይቀራል፣ ውሻውም ይበዛል። በመርዝ የሞተ እንስሳ ካዩ አርቀው ይቅበሩት ወይም ያስቀብሩት።

«ለመጀመር ባይናኩላር የግድ ነው?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከደሴ)

የግድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ወራት በዓይንህ ብቻ ሥራ። ከገዛህ ግን 8 በ42 የሚል ፈልግ፤ 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 የፊቱ መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 12 ወይም 20 እጥፍ የሚሉትን ርካሾች አትግዛ፤ እጅህ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወፏ ትጠፋብሃለች። ስልክህ ላይ መርሊን የሚባለውን ነጻ አፕ ጫን። ያየኸውን መጠን፣ ቀለምና ቦታ ስትነግረው ግምቱን ያወጣልሃል። ሰዓቱ ከጧቱ 12 ተኩል እስከ 3 ነው። ጉም ካለ ጠብቅ፤ ሲገለጥ ሁሉም ፀሐይ ለመሞቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ይወጣል።

«ጉጉት ጣሪያችን ላይ ትጮኻለች። ሟርት ነው ይላሉ፤ እናባርራት?» (ባለሱቅ፣ ከኮምቦልቻ)

አታባርሯት። አይጥ እያደነችላችሁ ነው።

«ደሴን ከጨረስን ቀጥሎ ወዴት?» (ሁለት ጓደኛሞች)

በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን በ600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ሌላ ወፍ ታገኛላችሁ። ወይም ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሐይቅ እደሩ። ጧት ከእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ስር ሆናችሁ ውሃውን እዩ፤ ዳክዬው ከቄጠማው ይወጣል። ስትመለሱ ያያችሁትን ላኩልኝ። በየሰፈራችሁ እያንዳንዱን ወፍ ምን ብላችሁ እንደምትጠሩትም ጻፉልኝ፤ የአያቶቻችንን የወፍ ስሞች እየሰበሰብኩ ነው።