አረፋው ጠፋ ማለት ሳሙናው ጠፋ ማለት ነውን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ከተማ፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ነው። ከቤታችን ከፍ ብሎ ባለው ድልድይ ሥር ሰዎች ልብስ ያጥባሉ። የዱቄት ሳሙናው አረፋ በደጃችን ነጭ ሆኖ ያልፍና ጥቂት ወረድ ሲል ጨርሶ አይታይም። ጎረቤቶቼ በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣሉ። አረፋው ሲጠፋ ኬሚካሉም ጠፍቷል ብዬ ልመን? በአንዳንድ ማሸጊያ ላይ «በተፈጥሮ የሚበሰብስ» የሚል አንብቤአለሁ፤ ይህስ የሚረጋገጠው እንዴት ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በአረፋው መጥፋት ብቻ እንዳያምኑ እንመክርዎታለን። አንድ ኬሚካል ከዓይን የሚሰወርበት መንገድ ብዙ ነው። ውሃ ሲጨመርበት ይቀጥናል፤ ከደለል ጋር ተጣብቆ ከወንዙ ሥር ይቀመጣል፤ በከፊል ተሰብሮ አረፋ የማያወጣ ሌላ ውህድ ይሆናል፤ አለዚያም ባክቴሪያዎች ተመግበውት ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ማዕድን ይለወጣል። ጠፋ ሊባል የሚችለው በዚህ በመጨረሻው መንገድ ያለቀው ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት ዓለም የተማረው ከራሱ ከሳሙና ነው። በ1950ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይሸጡ የነበሩት የዱቄት ሳሙናዎች ሞለኪውላቸው ቅርንጫፍ የበዛበት በመሆኑ ባክቴሪያዎች በቀላሉ ሊሰባብሩት አልቻሉም፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ወንዞች ላይም አረፋ እንደ ጥጥ ተቆለለ። ምዕራብ ጀርመን በ1961 ሕግ አወጣች፤ አምራቾችም ሰንሰለቱ ቀጥ ወዳለ ሞለኪውል ተሸጋገሩ፤ አረፋውም ቀነሰ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ይለካ የነበረው በአብዛኛው የመጀመሪያው ሞለኪውል መሰበሩ እንጂ ስብርባሪው ወዴት እንደሄደ አልነበረም። ኖኒልፌኖል ኢቶክሲሌት የሚባሉት ማጽጃዎች የዚህን ጉድለት ያሳያሉ፦ አረፋቸው ይጠፋል፣ የሚቀረው ኖኒልፌኖል ግን ከእናቱ ውህድ ይልቅ መርዛማ፣ ለመበስበስም አዳጋች፣ በዓሣ አካል ውስጥ እንደ ሴቴ ሆርሞን የሚሠራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አጠቃቀሙን የገደበው በ2003 ባወጣው መመሪያ ነው።

ዛሬ «በቀላሉ የሚበሰብስ» ለመባል መታለፍ ያለበት ፈተና የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ1981 አጽድቆ በ1992 ያሻሻለው ነው። ከአሠራሮቹ አንዱን ቀረብ ብለን እንመልከት። ኬሚካሉ ማዕድን ካለው ውሃና ከፍሳሽ ማጣሪያ ከተወሰደ ጥቂት ዝቃጭ ጋር በብልቃጥ ይቀመጣል፤ ዝቃጩ የባክቴሪያዎቹ ምንጭ ሲሆን፣ ከኬሚካሉ በቀር ሌላ ምግብ አይሰጣቸውም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተወገደለት አየር በብልቃጡ ውስጥ ይነፋል፤ የሚወጣው አየር ደግሞ ባሪየም ሃይድሮክሳይድ በያዙ ጠርሙሶች ያልፋል። ባክቴሪያዎቹ ኬሚካሉን ተመግበው ሲተነፍሱ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሪየሙ ጋር ስለሚዋሃድ፣ በጠርሙሶቹ ያለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ይደፈርስና ነጭ አተላ ይጥላል፤ ያ ነጭ ነገር ኬሚካሉ በእርግጥ እየተበላ ለመሆኑ በዓይን የሚታይ ምስክር ነው። በ28 ቀናት ውስጥ ሊወጣ ከሚችለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 60 በመቶው መውጣት አለበት፤ ይህም 10 በመቶ ከደረሰ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ መሆን ይኖርበታል። 100 በመቶ የማይጠየቀው ባክቴሪያዎቹ የቀረውን ካርቦን ለገላቸው ግንባታ ስለሚያውሉት ነው። ከጎኑ ኬሚካል የሌለበት ብልቃጥና መበስበሱ አስቀድሞ የታወቀ እንደ ሶዲየም ቤንዞኤት ያለ ውህድ የያዘ ሌላ ብልቃጥ ይቀመጣሉ። ይህ ውህድ በ14 ቀን 60 በመቶ ካልደረሰ ፈተናው ዋጋ የለውም፤ ባክቴሪያዎቹ ደካማ ነበሩ ማለት ነውና።

ፈተናውን የወደቀ ኬሚካል ወዲያውኑ ጎጂ አይባልም። ወንዝን ከነደለሉ፣ አፈርን ከነሕይወቱ ወደሚያስመስሉ ረዘም ያሉ ሙከራዎች ይሻገራል፤ በእነዚህም ኬሚካሉ በካርቦን 14 (ጨረር ስለሚያወጣ ዱካውን መከተል በሚቻል የካርቦን ዓይነት) ምልክት ስለሚደረግበት ስንቱ አየር እንደሆነ፣ ስንቱ ከደለል እንደተጣበቀ፣ ስንቱ ወደ ሌላ ውህድ እንደተለወጠ ይቆጠራል። በአውሮፓ ኅብረት መስፈርት በወንዝና በሐይቅ ውሃ ውስጥ ግማሹ እስኪጠፋ ከ40 ቀን፣ በደለሉ ውስጥ ደግሞ ከ120 ቀን በላይ የሚፈጅ ኬሚካል «የማይጠፋ» ተብሎ ይመዘገባል።

አሁን ወደ አዌቱ እንመለስ። የብልቃጡ ፈተና የሚካሄደው አየር በሚነፋበት ውሃ ውስጥ፣ በ22 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀጥ ያለው የዱቄት ሳሙና ሞለኪውል ኦክስጅን ባለበት ውሃ በጥቂት ቀናት ሊበላ ይችላል፤ ኦክስጅን በሌለበት ጥቁር ጭቃ ውስጥ ግን እምብዛም አይበሰብስም። የከተማው ቆሻሻም ሆነ በቡና ወራት ከእሸት ቡና ማጠቢያ የሚወጣው የስኳርና የልጣጭ ፍሳሽ የወንዝን ኦክስጅን ይበላል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ያለው ቃል ሐሰት ሳይሆን ሳሙናው በደለሉ ውስጥ ሊዘገይ ይችላል። ከድልድዩ ሥር ጭቃውን በእንጨት ቆፈር ሲያደርጉ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካፈነዎት፣ እዚያ ኦክስጅን የለም ማለት ነው።

የጎረቤቶችዎን ጎመን በሚመለከት፣ በእኛ አስተያየት ከሳሙናው ይልቅ የሚያሳስበው ውሃው የሚሸከመው ሰገራ ወለድ ጀርምና የጥገኛ ትላትል እንቁላል ነው። ጎመኑ በደንብ ይቀቀል፤ ሰላጣው ግን በጥሬው ስለሚበላ በዚህ ውሃ ባይጠጣ ይሻላል። የልብስ እጣቢውንም ወደ ወንዙ ከመልቀቅ ከወንዙና ከጉድጓድ ውሃ ራቅ ባለ፣ ሣር በበቀለበት አፈር ላይ በትንሽ በትንሹ ማፍሰስ ይበጃል፤ በላይኛው አፈር ውስጥ አየርም ባክቴሪያም ስላለ ሳሙናው ከወንዙ ጭቃ በፈጠነ ሁኔታ ይበላል።