የቤት ጥያቄዎቻችሁ፦ ግድግዳ ውስጥ የሚጮኸው የሙቅ ውኃ ቧንቧ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን የብሎኬት ነው። ቦይለር አስገብተን ከመታጠቢያ ቤት እስከ ወጥ ቤት ግድግዳ ውስጥ የፒፒአር (ሙቅ ውኃ የሚችል ፕላስቲክ) ቧንቧ አዘርግተናል። ሙቅ ውኃ ስንከፍት ግድግዳው «ቋ… ቋ» ማለት ይጀምራል፤ ከዘጋነው በኋላም ሩብ ሰዓት ያህል ይቀጥላል። ቀዝቃዛውን ስንከፍት ምንም ድምፅ የለም። የጠየቅነው ባለሙያ ግድግዳው ይፍረስ አለን። እውነት ማፍረስ ግድ ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ገና ምንም አያፍርሱ። ድምፁ በሙቁ ብቻ መምጣቱና ከዘጉትም በኋላ መቀጠሉ፣ ቧንቧው ሲሞቅ እየረዘመ ሲበርድ እያጠረ ከግድግዳው ጋር እየታገለ መሆኑን ያሳያል። ችግሩ የግፊት ቢሆን ኖሮ መክፈቻውን በዘጉበት ቅጽበት አንዴ «ድው» ብሎ ያበቃ ነበር፤ ቀዝቃዛውም ባልተረፈ።

ፒፒአር በሙቀት ከብረት ቧንቧ 10 እጥፍ በላይ ይረዝማል፤ አንዱ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.15 ሚሊ ሜትር። በእናንተ አገር ብርድ የጠዋቱ ውኃ 15 ዲግሪ፣ ከቦይለሩ የሚወጣው 65 ዲግሪ ነው ብንል፣ 4 ሜትር ቧንቧ 3 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ያው 4 ሜትር ጋልቫናይዝድ ብረት ቢሆን 2.5 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ 3 ሴንቲ ሜትር መሄጃ ሲያጣ ቧንቧው ይጎብጥና የብሎኬቱን ጠርዝ ወይም የደረቀ ሲሚንቶ ተደግፎ ይቆያል፤ ኃይሉ ሲበዛበት በድንገት ሸርተት ይላል። «ቋ» የሚለው ያን ጊዜ ነው። የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ደግሞ ድምፁን እንደ ከበሮ ያጎላዋል። ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ተሞልቶ የተቀበረ ቧንቧ ብዙ ጊዜ አይጮህም፤ መንቀሳቀሻ ስለሌለው ጭንቀቱን ፕላስቲኩ ራሱ ይይዘዋል። የሚያስቸግረው ግማሹ ተይዞ ግማሹ የተለቀቀው ነው።

መጀመሪያ የቦይለሩን ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታቱን ይዩ። 75 ዲግሪ ላይ ከሆነ ወደ 60 ያውርዱት፤ የቧንቧው መርዘም በሩብ ይቀንሳል፤ አንዳንዴ ይህ ብቻ ይበቃል። ከ60 በታች ግን አያድርጉት፤ ለብ ብሎ በሚቆይ ውኃ ውስጥ ሳንባን የሚያጠቃ ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል።

ድምፁ ካልቆመ ቦታውን መፈለግ ነው። ቧንቧው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ሰው ሙቁን ይክፈት፣ ሌላው ጆሮውን ግድግዳው ላይ አድርጎ ድምፁ የሚበረታበትን በእርሳስ ምልክት ያድርግ። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ኤልቦው (መታጠፊያው)፣ ቲው (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያው) ወይም ቧንቧው ከክፍል ወደ ክፍል የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ነው። እዚያው ብቻ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይክፈቱ፤ ከመቦርቦርዎ በፊት ግን ብሬከሩን ያጥፉ፣ በዚያው መስመር የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ቧንቧውን የነካውን ሲሚንቶ ቀርፈው 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የቧንቧ ስፖንጅ ይሸፍኑት። ኤልቦው ላይ ቧንቧው በሚገፋበት በኩል 3 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ ነገር ይተውለት። ክላምፕ (ቧንቧውን የሚይዝ ማሰሪያ) ካለ ጎማ ያለው ይሁን፤ ለ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በየ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። መሐለኛውን አንዱን ብቻ አጥብቀው ሌሎቹን ቧንቧው እንዲንሸራተትባቸው ላላ ያድርጓቸው፤ መርዘሙ ወደ ሁለት ጎን ይከፈላል። ሲለስኑ ልስኑ የሚነካው ስፖንጁን እንጂ ቧንቧውን መሆን የለበትም።

መስመሩን ከነአካቴው የሚቀይሩ ከሆነ በመሐሉ የፋይበር ወይም የአሉሚኒየም ንጣፍ ያለውን ፒፒአር ይግዙ፤ መርዘሙ ከተራው ሲሶ ገደማ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ሲበየድም ይከታተሉ፦ ማሽኑ 260 ዲግሪ፣ ለ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 5 ሰከንድ ማሞቅ፣ ከዚያ ሳያጣምሙ ማስገባት። ከዚያ በላይ የሞቀ ወይም ከልክ በላይ ተገፍቶ የገባ ቧንቧ የቀለጠው ወደ ውስጥ ይጎርፍና መተላለፊያውን ያጠበዋል፤ ውኃው «ሽሽሽ» እያለ ነው የሚያልፈው።

ጥያቄ፦ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። በመጣ ቁጥር ቧንቧው ይንቀጠቀጣል፣ መክፈቻውም ይተፋል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውኃው ሲሄድ መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል። ውኃ ሲመጣ ዋናውን ጌት ቫልቭ ቀስ ብለው በከፊል ይክፈቱ፣ ከቤቱ ከፍ ያለውን መክፈቻ ክፍት አድርገው አየሩ እስኪያልቅ ይጠብቁ፣ ከዚያ ዋናውን ሙሉ ይክፈቱት። ቦይለሩ በውኃ መሞላቱን በሙቁ መክፈቻ ሳያረጋግጡ መብራት አያብሩበት፤ ውኃውን የሚያሞቀው ኤለመንት ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ቦይለራችን ሲሞቅ ይጉረመርማል፤ ከሥሩ ካለው ቫልቭም ውኃ ይንጠባጠባል። ቫልቩን ብንደፍነውስ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ በፍጹም አይድፈኑት! ያ ሴፍቲ ቫልቭ ነው። 50 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ1 ሊትር ገደማ ይጨምራል፤ ከቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቼክ ቫልቭ ስላለ ትርፉ መውጫው እዚያ ነው። ቢደፈን፣ ቴርሞስታቱም ቢበላሽ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። በቀጭን ቱቦ ወደ ፍሳሽ ይምሩት፣ የቱቦውንም አፍ ክፍት ይተዉት። ቦይለሩ ቀዝቅዞም መንጠባጠቡ ካልቆመ ግን ወይ ቫልቩ አርጅቷል፣ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ማጉረምረሙ ኤለመንቱ ላይ የተጋገረ ኖራ ነው፦ ብሬከሩን አጥፍተው፣ ውኃውን አፍስሰው፣ ኤለመንቱን አስፈትተው በኮምጣጤ ይዘፍዝፉት፤ ሲገጠም ጎማው አዲስ ይሁን፣ ታንኩን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዥየም ዘንግ ተበልቶ ካለቀም አብሮ ይቀየር።