«ቅጂ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ሕግ ተምራችሁ በማስተማርና በምርምር ለመኖር ላሰባችሁ፤

ስድስት ኪሎ ውል ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት በአንድ ጽሑፌ ላይ «የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የፈረንሳይ ሕግ ቅጂ ነው» ብዬ ነበር። ማስረጃዬ አርቃቂው ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ መሆናቸው ብቻ ነበር። ጽሑፉን ያነበቡልኝ አንጋፋ መምህር «ቅጂ» የምትለዋን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ከበቡና ጎኗ ላይ «1678ን አንብበሃል?» ብለው ጻፉ።

አላነበብኩም ነበር፤ ማለቴ፣ እያስተዋልኩ አላነበብኩም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1678 ለውል የሚጠይቀው ችሎታ ባላቸው ሰዎች የተሰጠ ጉድለት የሌለው ስምምነት፣ በቂ እርግጠኛነት ያለው ሕጋዊ ጉዳይና ሕግ ሲያዝ ፎርም፣ ማለትም የውሉ አደራረግ ሥርዓት፣ ነው። የ1804ቱ (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የናፖሊዮን ሕግ የሚባለው፣ ግን «ኮዝ» የሚሉትን፣ የግዴታውን ምክንያት፣ ጨምሮ ይጠይቅ ነበር። ፈረንሳዊው አርቃቂ የአገራቸውን ኮዝ እኛ ዘንድ አላመጡትም። ፈረንሳይ ራሷ መስፈርቱን ያስወጣችው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኛ ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም.። የውል ትርጉማችንም፣ አንቀጽ 1675፣ ንብረትን የሚመለከት ግዴታ በማለቱ ከፈረንሳዩ ይልቅ የ1942ቱን (እ.ኤ.አ.) የጣሊያን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1321 ይመስላል። ያን ማታ ጽሑፌን ቀደድኩት።

ስለዚህ ንጽጽር ከውጭ መጻሕፍት አይጀመርም፤ ከራሳችሁ አንቀጽ ይጀመራል። ያውም በአማርኛው። ረቂቁ በፈረንሳይኛ ተጻፈ፣ ተማሪው በእንግሊዝኛ ይማራል፣ እዚህ ከተማ ያለው ዳኛ ግን በአማርኛ ይፈርዳል። ቃላቱ በሦስቱ መካከል የሚለያዩበት ቦታ ለዓመታት የሚበቃ ሥራ አለው።

ደሞዙ አነስተኛ ነው፤ ይህን ደብቄ አላግባባችሁም።

ከቤተ መጻሕፍት ስትወጡ ልደታ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ችሎት ተቀመጡ። አንድ ቀን አንዲት እናት ከፌስታል ውስጥ ለአራት የታጠፈ ወረቀት ሲያወጡ አየሁ፤ ቤት የገዙበት ውል ነው። የሽማግሌዎቹ ፊርማ ሁሉ አለበት፤ ማኅተም ግን የለበትም። አንቀጽ 1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ፊት ይሁን ይላል። እኒያ እናት ሽማግሌ ባለበት የተፈረመ ውል ይፈርሳል ብለው አላሰቡም። የሽማግሌን ፊርማ ክብደት የማያውቅ ተመራማሪ 1723ን ከየትኛው አገር ሕግ ጋር ቢያነጻጽር ግማሹ ያመልጠዋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉምም ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳልና የውሳኔዎቹን ቅጾች ሳታነቡ ብዕር አታንሡ።

ረቂቅ ያላችሁ ወደ ቢሮዬ ኑ። አንቀጹን በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ከቻላችሁም በፈረንሳይኛ፣ ጎን ለጎን ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።